የሰርጉ ቸርኬ

ለንደን፣ ብሪክስተን
ጥር መጨረሻ፣ እሑድ ከቅዳሴ መልስ

ለልጄ አባት፣

እንዴት ከረምክ? ወገብህስ? ያ የታክሲህ ወንበር አሁንም ይቆረጥምሃል ወይስ ትራስ ገዛህለት? የግፊት ኪኒንህን በሰዓቱ እንደማትውጥ አውቃለሁ፤ ዘውዴ ደባልህ እንጂ ሚስትህ አይደለም፣ አያስታውስህም። እኔ ጌታ ይመስገን ከጉልበቴ በቀር ጤነኛ ነኝ።

ከብሪክስተን ሼፈርድስ ቡሽ ደብዳቤ በፖስታ መላክ የሚያስቅ ነገር መሆኑ አልጠፋኝም። አውቶቡስ የምነዳ ሴት፣ ተሳፍሬ መጥቼ በርህን ማንኳኳት አያቅተኝም። ግን ስልኬን አታነሳም። ባለፈው በርህን ስመታ ደግሞ ዘውዴ የለም አለኝ፤ አንተ ኩሽና ውስጥ ትንፋሽህን ውጠህ ቆመሃል። ጫማህን በሩ ሥር አይቼዋለሁ እኮ! ለዘውዴ አፍሬለት ተመለስኩ። ወረቀት ግን የለም ተብሎ አይመለስም። ተናደህ ብትቀደው እንኳ መጀመሪያ አንብበህ ነው፤ አውቅሃለሁ።

ዲና መውለዷን ከቀሲስ ገብረ መድኅን ሰምተሃል። የጋራችን ሆነው የቀሩት የንስሐ አባታችን እሳቸው ብቻ ናቸው፣ ሌላውን ሁሉ ተካፍለናል። ሴት ናት። ስሟን እንዳይነግሩህ ግን እኔ ነኝ አደራ ያልኳቸው። ስም የሚነገረው ለጠየቀ ነው። አልጠየቅህም፣ አልነግርህም።

ያለ ቀኗ ነው የተወለደችው። ትንፋሿ አጭር ነው፤ ሐኪሞቹ ፀደይ ሳይገባ ከዚያ ከስኮትላንድ ተራራ ወርዳ ረጅም መንገድ እንዳትሄድ ብለዋል። ሰማንያ ቀኗ ደግሞ በመጪው እሑድ ይሞላል። ዲና ደውላ በዚያ በግማሽ እንግሊዝኛዋ ምን አለችኝ መሰለህ? እማዬ፣ ልጄ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ትነሳልኝ፣ ፕሊስ አለችኝ። ማንም አልጠየቃትም፣ ማንም አልገፋፋትም። የአውቶቡስ ጋራዡ ውስጥ፣ ወንዶቹ እያዩኝ፣ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። ባሏ ሮሪም እሺ ብሏል፤ የጠየቀው ምን ልልበስ ብሎ ብቻ ነው። ቀሲስን ሳማክራቸው፣ ልጅቷ ወደ ቤተ ክርስቲያን መምጣት ካልቻለች እኛ እንሄዳለን አሉኝ። ቁርባኗን ከፍ ስትል እዚህ መጥታ ትቀበላለች።

መሄዱ ነው ችግሩ። ስኮትላንድን እስከ ጫፉ ድረስ ሄደህ፣ አስፋልቱን ትተህ፣ የእንጨት ጫኝ መኪና በቀደደው የጫካ መንገድ ገደል ገደሉን ነው ቤታቸው የሚደረሰው። ክረምቱን በሙሉ በረዶ ነው። ስለዚህ ይህ ደብዳቤ ስለ ጎማ ነው። አዎ፣ ስለ ጎማ! ከፈለግህ ሳቅ። የከተማ አስፋልት ላይ መሪ መያዝ መንዳት አይደለም ስትለኝ ኖረሃል፣ አሁን ቁጭ በልና አድምጥ።

መኪናዋ ያቺው ቶዮታህ ናት። ይዘናት አገር እንገባለን፣ ደባርቅ ላይ ጋራዥ እንከፍታለን ብለህ የገዛሃት። የዘጠና ሰባቱ ምርጫ ሲደርስ ሻንጣ ሁሉ አውርደን አልነበር? ከዚያ የሆነው ሆነ። አንተም ሬዲዮኑን ዘግተህ አገር የሚባል ነገር እንዳታነሱብኝ አልክ፣ መኪናዋም እዚሁ የምንኖርበት ኤስቴት ሕንፃዎች ፓርኪንግ ውስጥ አቧራ ጠጥታ ቀረች። ዲና ልታገባ ነው ሲባል ነው ነፍስ የዘራህባት። አጠብካት፣ ቀለም አስቀባሃት፣ እነዚያን ጎማ የሚለብሱ ሰፋፊ የሚያብለጨልጩ ቸርኬዎች ከነዚያ ጎናቸው አጭር ከሆኑ ጎማዎች ጋር ገጠምክላት። ልጄን በዚህ ነው የማጅባት እያልክ በጨርቅ ስትወለውላቸው ፊትህ ይታይባቸው ነበር። ከዚያ ሙሽራው ሮሪ እንደሆነ፣ ሰርጉም ያለ ተክሊል በስኮትላንድ ማዘጋጃ ቤት እንደሆነ ስትሰማ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ ወርውረህ ወጣህ። ይኸው ሁለት ዓመትህ።

ዲና የወለደች ሰሞን በእነዚያው በሰርጉ ቸርኬዎች ሄድኩ። የነበሩኝ እነሱ ናቸው፣ ምን ላድርግ? የገንፎ ዱቄቱን፣ ቅቤውን፣ አብሹን ጭኜ አስፋልቱን እንደ ንግሥት ሄድኩበት። ጫካው መግቢያ ላይ ስደርስ መኪናዋ ወደ ጎን ትሄድብኝ ጀመር። ፎር ዊሉን አስገባሁ፣ ማርሽ ዝቅ አደረግሁ፤ ወይ ፍንክች! አራቱም ጎማ ባለበት ይሽከረከራል። ልጄ አራስ ሆና ከላይ፣ እኔ የአራስ ገንፎ ይዤ ከታች። በመጨረሻ ሮሪ በትራክተር መጥቶ ጎትቶ አወጣኝ። ልጇ ቤት በትራክተር ተጎትታ የገባች የመጀመሪያዋ አማት እኔ ሳልሆን አልቀርም።

ዲና በሩ ላይ በነጠላ ተጠቅልላ ስታየኝ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ስፌቷን ይዛ ቁጭ አለች። እኔም ሳቅኩ። ከሳቁ በኋላ ግን ማልኩ፣ ሁለተኛ ተጎትቼ አልወጣም። ሮሪ ቀኑን ሙሉ ጫካ ነው። እሷ ያቺን ትንፋሿ የሚቆራረጥ ሕፃን ታቅፋ ብቻዋን ናት። አንድ ነገር ቢሆኑ ለመድረስ የማንንም ትራክተር መጠበቅ አልፈልግም። ቀሲስንስ ቅብዓ ሜሮኑን እንደያዙ በገመድ ላስጎትታቸው? በፍጹም።

የባቡር ድልድዩ ሥር ጎሚስታ ያለውን ሳሚርን ታውቀዋለህ፣ የሐረሩን ልጅ። ሄጄ ጥርሱ ያገጠጠ ጎማ ግጠምልኝ አልኩት። ይህን ማን አስተማረኝ? አንተ! አውራ ጎዳና ተቀጥረህ ሊማሊሞን የወጣህበትን ጊዜ እያነሳህ፣ ጎማ ስትገዢ ጥርሱን እዪ፣ ጥርስ ካለው የማይወጣው የለም ስትል ስንት ዓመት ሰማሁህ። ሳሚር፣ እህቴ ለጭቃ ነው ለበረዶ ነው ብሎ ጠይቆኝ ነበር። ዳገት ዳገት ነው፣ የታዘዝከውን ግጠም ብዬ አፉን አስያዝኩት። ገጠመልኝ፣ በዚያው በሰርጉ ቸርኬ ላይ። የሙሽራ ቸርኬ ላይ የትራክተር የሚመስል ጎማ! ኂሩት ጎረቤቴ አይታ መንገድ ላይ ቁጭ ብላ ሳቀች።

ለገና ይዤያቸው ወጣሁ። ለስላሳው በረዶ ላይ ቧጠጥ ቧጠጥ አድርገው ሲወጡልኝ ብቻዬን ፎከርኩ። ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ፣ በረዶው በትራክተር ተረግጦ ጠንክሮ የሚያብረቀርቅበት ቦታ ላይ ግን ቀጥ አሉ። ፍሬን ያዝኩ። ፍሬን ይዤም መኪናዋ ወደ ኋላ መሄድ ጀመረች። በአንድ በኩል ገደል፣ በአንድ በኩል ቦይ ነው። መሪውን ወደ ቦዩ ሰበርኩት፤ ጎኗ ገብቶ ቆመች፣ ተመስገን። ፈራሁ፣ ላንተ መደበቅ ምን ያደርግልኛል? ቀሲስ ከኋላ ተቀምጠው ቢሆንስ ብዬ ነው የፈራሁት።

ሮሪ ሲመጣ አልሳቀብኝም። ሳቅ አያውቅም መሰለኝ፣ ወይም አስጨንቄው ነው። ጎማውን ዳሰሰና ለእኔም አስዳሰሰኝ፤ በብርዱ እንደ ቀንድ ደርቋል። የጭቃ ጎማ ጥርሱ ትልቅ ነው፣ ጭቃን ይገፋል አለኝ። በረዶን የሚይዘው ግን ትልቁ ጥርስ አይደለም፤ ጥርሱ ላይ በምላጭ የተበጣ የሚመስለው ጥቃቅኑ ስንጥቅ ነው። ላስቲኩም በብርድ የማይደርቅ ልስልስ ያለ መሆን አለበት። ምልክቱ ጎማው ጎን ላይ ታትሟል፣ ባለ ሦስት ጫፍ ተራራ፣ ውስጡ የበረዶ ቅንጣት ያለበት። እሱ ከሌለበት ሻጩ ቢምልልሽም አትግዢ አለኝ።

ስፋቱንስ አልኩት። እኔ ሰፊ ጎማ መሬቱን ብዙ ይዞ የሚሻል ይመስለኝ ነበር፤ አንተም እንደዚያው ነበር የምትለው። የለም አለ። አሸዋ ወይም ጥልቅ በረዶ ላይ የምትንሳፈፊ ከሆነ ሰፊ ይሁን፤ እዚህ መንገድ ላይ ግን ከበረዶው ሥር ድንጋይ አለ፣ ጠባቡ ጎማ በረዶውን ቆርጦ ድንጋዩን ይረግጣል፣ ሰፊው ከላይ ይንሸራተታል። ቸርኬው ደግሞ አነስ ብሎ የጎማው ጎን ረዘም ይበል፤ ድንጋይ ሲመታው ጎማው ይታጠፍልሻል፣ ቸርኬሽ አይሰበርም፣ ነፋሱን ትንሽ ቀነስ አድርገሽም መውጣት ትችያለሽ። ብዙ የማይናገር ሰው ይህን ሁሉ ሲነግረኝ በጥሞና ነው የሰማሁት። በቁርጥ የወደድኩትም ያን ቀን ነው፣ ብትናደድም ልንገርህ።

ከዚያ ወደ ሳሚር ተመለስኩ። አልኩሽ አይደል ብሎ እስኪበቃው ሳቀብኝ፣ እኔም ፈቀድኩለት። ጎማውን ማግኘት አልከበደም፤ ቸርኬው ነው ያስቸገረን። መጀመሪያ ያመጣው ማለፊያ ተራ የብረት ቸርኬ ነበር፣ ግን በጣም አንሶ ፍሬኑን ይነካል። አንድ ቁጥር ከፍ ያለ አስመጣን። እሱ ሲገጠም በእጄ አሽከርክሬ ጆሮዬን አስጠጋሁ፣ ምንም አይነካም። ትርፍ ጎማው አራቱን ካልመሰለ በፎር ዊል ስሄድ ማርሹን እንደሚበላብኝ ሮሪ ነግሮኝ ስለነበር አምስቱንም አንድ ዓይነት አስደረግኩ። ጎማው ጠበብ ስላለም ለበረዶ ጎማው ላይ የሚጠመጠመው ሰንሰለት የሚታሰርበት ክፍት ቦታ ተገኘ፤ ሰንሰለቱን ፓርኪንጉ ውስጥ እየተንበረከክኩ ማሰርና መፍታት ተለማምጃለሁ። ጉልበቴ ያመመኝ ከዚያ ነው።

ቸርኬዎቹ ጥቁር ናቸው፣ ምንም ውበት የላቸውም። አዲስ ቸርኬ ሲገጠም ብሎኑ ትንሽ ከተነዳ በኋላ ስለሚላላ ተመልሰሽ አስጠብቂ አለኝ ሳሚር። ያኔ ነው አንተ ትዝ ያልከኝ። ብሎን ካጠበቅህ በኋላ ከብሎኑ እስከ ቸርኬው በጥፍር ቀለም አንድ መስመር ታሰምርበታለህ፣ ብሎኑ ከላላ መስመሩ ተዛንፎ ከሩቅ እንዲታይ። የመጀመሪያው ጠባችን በዚህ አልነበር? አንድ ለእናቱ የሆነች ቀይ ቀለሜን የጭነት መኪና ጎማ ላይ ጨረስካት፣ ጥፍሬን ሳልቀባ ግብዣ ሄድኩ።

የሰርጉን ቸርኬዎች ሳሚር ሽጪልኝ ብሎ ለመነኝ። አልሸጥኳቸውም። አጥቤ በአሮጌ አንሶላ ጠቅልዬ ዲና ክፍል አልጋዋ ሥር አስገብቻቸዋለሁ። ልጅቷ ሰርጓን እንጂ መልሷን አልበላችም፤ አባቷ ያልጠራውን መልስ እኔ ብቻዬን ልጠራው? ፀደይ ሲገባና ሕፃኗ መንገድ ሲፈቀድላት ቸርኬዎቹን መልሼ እገጥማለሁ፣ ዲናንም ባሏንም ልጇንም በእነሱ ነው የማመጣቸው። ይህን ለማንም አላማከርኩም። ወስኛለሁ።

ባለፈው ሳምንት እዚህ በረዶ ሲጥል ምን እንዳደረግሁ ልንገርህ። አውቶቡሶቻችን ቆሙ፣ እኛም ወደ ቤት ተባልን። ቶዮታዋን አስነስቼ ከብሪክስተን ሂል ጀርባ ያለውን ያን ቀጥ ያለ ዳገት ያዝኩ። ሰው መኪናውን ጥሎ በእግሩ ይሄዳል። እኔ መካከሉ ላይ ሆን ብዬ ቆምኩ፣ እንደገና ተነሳሁ፣ ወጣሁ። ቁልቁለቱንም በዝቅተኛ ማርሽ፣ ፍሬን ሳልነካ ወረድኩ። አንድ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን አነሱልኝ። እስኪ አሁን መንዳት አይደለም በለኝ!

ቀሲስን ከፊት እንዲቀመጡ ብለምናቸው እምቢ አሉ። ገደል እያየሁ ውዳሴ ማርያም መድገም አልችልም፣ ከኋላ ዓይኔን ጨፍኜ እደግማለሁ አሉኝ። ከኋላ እሳቸውና ኂሩት ናቸው፤ ኂሩት ክርስትና እናት ናት። የፊቱ ወንበር ባዶ ነው ማለት ነው። ለእኔ ግድ የለኝም፣ ቦርሳዬን አስቀምጥበታለሁ።

አንድ ነገር ብቻ ልበልህና ልዝጋ። እኔና አንተ ለስደት ስንጣደፍ በክረምት ስንጋባ፣ አባትህ ይህችን የማላውቃትን ካገባ ልጄ አይደለም ብለው ቀሩ። እናትህ እማማ እታለማሁ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ባላቸውን ቤት ትተው በጭነት መኪና ጋቢና ሊማሊሞን ወጡ። ጎማው ጭቃ ውስጥ ሲቀረቀር ወርደው ከወንዶቹ ጋር ገፉ። እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ለብሰው ድንኳኑ በር ላይ ቆመው ምን እንዳሉ አንተ ነህ ለሰው ሁሉ የምታወራው፤ እግሬን አስታጥቡኝና ሙሽራዋን አሳዩኝ። እኔ እሳቸውን ነው የምመስለው። አንተ አባትህን መስለሃል፣ ይህን ስልህ ደግሞ ያመኛል።

ረቡዕ

ደብዳቤውን አልላክሁትም ነበር። ዛሬ ከጠዋቱ ሺፍት ስመለስ ሳሚር ጋ ሄጄ ብሎኖቹን ላስጠብቅ ብዬ መኪናዋ ጋ ሄድኩ። ጎንበስ ብዬ ሳይ እያንዳንዱ ብሎን ላይ ከብሎኑ እስከ ጥቁሩ ቸርኬ ድረስ ቀጭን መስመር ተሰምሯል። ጠቆር ያለ ቀይ። ከመታጠቢያ ቤቴ መደርደሪያ ላይ ከሁለት ዓመት በፊት የጠፋብኝ ዓይነት ቀይ ነው፤ እኔ ኂሩትን ስጠረጥር ነው የኖርኩት፣ ይቅር ትበለኝ።

የኤስቴቱ ልጆች ይሆናሉ ብዬ መፍቻዬን አውጥቼ አንድ በአንድ ሞከርኩ። አንዱም ንቅንቅ አላለም። ትርፍ ጎማው ሳይቀር ነፋስ ተሞልቶለታል። ቀሲስ ጋ ደውዬ፣ አባቴ፣ ስለ መኪናዬ ለማን ነው የነገሩት ብላቸው ሳል ያዛቸውና ስልኩን ዘጉት። እኔም አልጨቀጨቅኳቸውም። ቀለሙን አልነካሁትም፣ እንዳለ ይሄዳል።

ዓርብ ማለዳ እነሳለሁ። መንገዴ በሼፈርድስ ቡሽ ነው፤ ገበያው ጥግ ላይ ቆም ብዬ ለዲና በርበሬ እገዛለሁ። ብዙ አልቆምም። ቦርሳዬን ከፊት ወንበር ላይ ወደ ኋላ አሳልፌዋለሁ፣ ኂሩት ትታቀፈው። እዚያ ተራራ ላይ ብርዱ ሌላ ነው፣ ወፍራም ካልሲ ያልያዘ ሰው አይችለውም። ኪኒኑን የሚረሳም ሰው አይጠፋም፣ እንዳይረሳ። ሮሪ የሕፃኗን ስም ሲጠራ ምላሱ ይተሳሰራል፣ ግን አሳጥረህ ጥራት ብዬው እምቢ አለ፤ እንደ አያቷ እናት ሙሉውን እለዋለሁ ብሎ ጠዋት ጠዋት ይለማመደዋል።

ይህን በፈጣኑ ቴምብር እልከዋለሁ፣ ነገ ይደርስሃል። እመቤቴ ወገብህን ትጠግንልህ፣ ልብህንም ታራራልህ። መንገዳችንን እሷ ትቅደመው።

የልጅህ እናት፣
የእታለማሁ አያት